አባቴ አሜሪካዊውን ማድነቅ ሲለማመድ

አባቴ ሄርበርት ቴገልካምፕ ሰው አድንቆ አያውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም። የጎረቤት ቤት ሲያፈስ ሳይጠራ መሰላሉን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው፤ ጠግኖ ሲጨርስ ግን ባለቤቱን "ይኼን ጣሪያ የሠራልህ ማን ነው፣ ጠላትህ ነው?" ብሎት ይወርዳል። ሙያው ጣሪያ መሥራት ነው። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የመንደራችንን የኦስተርሎህን እግር ኳስ ክለብ ያሠለጥናል፤ ይኼው ሠላሳ አንድ ዓመቱ። የምንጫወተው በጀርመን ስድስተኛ ዲቪዚዮን ነው። ስድስተኛ ሲባል የሚስቅ ካለ፣ ከኛ በታች ሌላ አምስት እርከን እንዳለ ይወቅልኝ።

በኛ አካባቢ ሰው ሁሉ ለምስጋና ቁጥብ ነው። ምግቡ ጣፈጠ ማለት ሳህኑ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መናገር እንደ ልፍለፋ ይቆጠራል። አባቴ ግን ከቁጥቦቹም መሀል የባሰበት ነው። ሚስቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ይዣት ስመጣ ከራሷ እስከ እግሯ አያትና "ጫማዋ ለጭቃ ይሆናል" አለ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወጥ ቤት ገብታ በደስታ አለቀሰች። ሠርጉ በዚያች ደቂቃ እንደተቆረጠ ገብቷት ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ደግሞ ሆስፒታል መጣ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየ፣ "ምንም አልጎደለውም" ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

እኔ ልጁ ሉድገር ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በሱ ሥር በግራ ተከላካይነት ተጫውቻለሁ። ወደ ስድስተኛ ዲቪዚዮን የወጣንበትን ግብ ያገባሁት እኔ ነኝ፤ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ በጭንቅላቴ ገጭቼ። ከኳሷ ጋር እኔም ሄጄ ከቋሚው ጋር ተላተምኩና ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ሕዝቡ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ደም ሲተፋ ያየውን ልጁን "ግራ መስመሩን ለማን ትተህ ነው የወጣኸው?" አለው። ይኼ ወሬ በየሰርጉ ይነሣል፤ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። አልቆረቆረኝም ብል ግን ውሸቴን ነው። አሁንም ይቆረቁረኛል።

አሜሪካኖቹ ወደኛ መምጣት የጀመሩት ከስድስት ዓመት ወዲህ ነው። ልጃቸው አውሮፓ ውስጥ እንዲጫወት ለሚመኙ ወላጆች በር እከፍታለሁ የሚል አንድ ድርጅት አለ። በድርጅቱ ጽሑፍ ላይ ያለው ሥዕል ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ ልጁ ከባቡር ሲወርድ የሚያገኘው ግን እኛን ነው። ከሰሜኑ ግብ ጀርባ የክለቡ ሊቀ መንበር የክሌመንስ አሳማዎች አሉ፤ ኳስ እዚያ ስትገባ ማውጣት የመቺው ግዴታ ነው።

ከፍሎሪዳ የመጣ አንድ በረኛ በጥር ወር ደርሶ በረዶው ከሜዳው መቼ እንደሚነሣ ጠየቀ። አካፋ ሰጠነው። ሌላው በስልክ የሚያጽናናው የአእምሮ አሠልጣኝ ነበረው፤ በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ሻይ ሲጠጣ እሱ ጥግ ይዞ ሲያንሾካሹክ ይቆያል። ሦስተኛው እሁድ ቀን ሱቅ ሁሉ መዘጋቱን ሲያይ አገሪቱ ላይ አንዳች ነገር የደረሰ መስሎት እናቱ ጋ ደወለ። ሁሉም ግን ቪዲዮ ይዘው ነው የሚመጡት። አራት ደቂቃ ነው፤ ከበሮ አለው፣ ልጁን የሚከብብ ቀይ ቀለበት አለው፤ ኳስ በነካ ቁጥር ያገባል። አባቴ አንዱን እስከ መጨረሻው ተመለከተና "ኳስ የሚቀማበት ቦታ የታለ? እኔ ማየት የምፈልገው እሱን ነው" አለ።

ዌስተን ፕራየር ግን እውነተኛ ተጫዋች ነበር። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ አገሩ ካንሳስ፣ ከተማው ዊቺታ። ጀርመንኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ቀስ ተብሎ ሲነገረው አንድም አያመልጠውም። የመጣው በጥር መጀመሪያ፣ እኛ ጉድ በሆንንበት ሰዓት ነው። አጥቂያችን ኅዳር ላይ ጉልበቱ ተበጥሷል፤ ከታች ሦስተኛ ነን። ከወረድን የምንገናኘው ከጎረቤቶቻችን ከብሮክሃውዘኖች ጋር ነው፤ ከነሱ ጋር ከመጫወት ሜዳውን አርሰን ድንች ብንተክልበት ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉን። አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ የሚቻለው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነበር።

ያረፈው ኦማ ሄድቪግ ቤት ነው። ኦማ አያት ማለት ነው፤ የወለዱትም ያልወለዱትም መንደሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው። የክለቡን ወጥ ቤት ለአርባ ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው። ዌስተን በመጣበት ቀን የድንች ሰላጣቸውን ቀመሰና ሹካውን አስቀምጦ፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር በልቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በማግሥቱ ሲያገኙኝ ዓይናቸው ቀልቷል።

"አርባ ዓመት ድንች ስልጥ" አሉኝ፣ "አንድ ሰው እንኳ አፍ አውጥቶ ምንም ብሎኝ አያውቅም። እናንተ እኮ ከብቶች ናችሁ።"

ችግሩ ልጁ ድንቅ የማይለው ነገር አልነበረም። የክለቡ አውቶቡስ ድንቅ ነው። ጭቃው ድንቅ ነው። ገላ መታጠቢያው ውስጥ ሙቅ ውኃ ለሦስተኛው ሰው ሲያልቅ፣ ቀዝቃዛው ለጡንቻ ድንቅ ነው። አንድ ቀን አምበላችን ዮርግ የሰጠው ኳስ አቅጣጫ ስታ አሳማዎቹ ዘንድ ስትገባ ዌስተን አጨበጨበና "ሐሳቡ ድንቅ ነው!" አለው። ዮርግ ወደኔ መጥቶ "ይሾፍብኛል እንዴ? አንድ ቡጢ ያስፈልገዋል?" አለኝ። አይሾፍም። ልጁ ከልቡ ነው።

እንዴት እንዳደገ ያወራን ነበር። እዚያ ወላጆች የሚታጠፍ ወንበር ይዘው ከመስመሩ ዳር ይቀመጣሉ፤ ልጁ ኳስ ሲስት "ጥሩ ሙከራ ነው!" ይላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ በሁለት ረድፍ ቆመው እጅ ለእጅ ወደ ላይ ይያያዙና ልጆቹን በሥሩ ያሳልፏቸዋል፤ አሸንፈውም ተሸንፈውም ያው ነው። ዋንጫ ደግሞ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል። ዌስተን አርባ ሦስት ዋንጫ አለው፤ ካርታ ላይ የራሱን ከተማ ከማግኘቱ በፊት ሃያውን አግኝቷል። አባቴ ይኼን ሁሉ ቆሞ አዳመጠና "እና ሲሸነፉ ማን ይቆጣቸዋል?" አለ። ማንም አይቆጣም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁ አሳዝኖት ነበር።

በወሩ አጋማሽ ከአንድ አምስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠምን። ዌስተን ሦስት አገባ። ሦስተኛዋን ከሃያ አምስት ሜትር ሲልካት በረኛው አልተንቀሳቀሰም፤ ኳሷ ከገባች በኋላ ነው ዞሮ ያያት። እኔ የመስመር ዳኛ ነበርኩና ባንዲራዬን ጥዬ ጮህኩ፤ በደንቡ መሠረት ክልክል ነው። ከጨዋታው በኋላ አባቴ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባና ዌስተን ፊት ቆመ።

"አይከፋም" አለው። "ሁለተኛዋን በግራህ መትተሃት ቢሆን ያን ያህል ባልተንከራተትክ።"

አንዱ የሚፈታውን የጫማ ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ። በኦስተርሎህ ታሪክ አባቴ አይከፋም ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ዮርግ በዘጠኝ ዓመት አንዴ ብቻ አግኝቷታል፣ አፍንጫው ተሰብሮ እስከ መጨረሻው የተጫወተ ቀን፤ እሷንም ቢሆን አባቴ ጨዋታውን በቪዲዮ ደግሞ ካየ በኋላ መልሶ ወስዶበታል። ያን ቀን ዮርግ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ቅናት ነው።

ዌስተን ደግሞ ወደ ኦማ ሄድቪግ ቤት ሄዶ አልጋው ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። እራት አልበላም። ሴትዮዋ ምን ሆንክ ቢሉት፣ አሠልጣኙ ይጠሉኛል አላቸው። ሦስት አግብቼ አይከፋም አሉኝ፤ ሁለት ባገባ ኖሮ ምን ሊሉኝ ነበር?

"ሄርበርት ነው አይከፋም ያለህ?" አሉት ኦማ ሄድቪግ። "በራሱ አፍ? ልጄ፣ ይኼንን እኮ ለሚስቱም አላላት።"

ሊያጽናኑት የፈጠሩት መሰለው። በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ከደቡብ አውሮፓ፣ በባሕር ጠረፍ ካለች ከተማ ክለብ፣ የድምፅ መልእክት አስተላለፈለት። የዚያ ክለብ አሠልጣኝ ዌስተንን ሲጫወት አይቶት አያውቅም፤ ባለከበሮውን ቪዲዮ ነው ያየው። ብርቅዬ ነህ ይለዋል፣ ኮከባችን ነህ፣ ከአሁን ጀምሮ የቤተሰባችን ልጅ ነህ። ዌስተን መልእክቱን ለኦማ ሄድቪግ አስደመጣቸውና "እነሱ ያምኑብኛል" አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓቱ ባቡር ሊሄድ ትኬት ቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ክሌመንስ፣ ኦማ ሄድቪግ፣ ጸሐፊው ፍራንትስና አባቴ ነበሩ። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ማሞቂያው ላይ እንጨት ልጨምር ነው የገባሁት።

"ሄርበርት፣ ልጁ ሊያመልጠን ነው" አለ ክሌመንስ። "ማድነቅ አለብህ።"

"አድንቄዋለሁ እኮ።"

"እሱ አላወቀም።"

"ቡድኑ በሙሉ አውቋል። ዮርግን ጠይቀው፤ ይኼው ሦስት ቀኑ ሰላም አይለኝም።"

"ለኛ አይደለም፤ ለሱ በሚገባው መንገድ ነው።"

አባቴ አሰበ። "በጽሑፍ ልስጠው?" አለ። "የክለቡን ማኅተም እንመታበታለን።"

"በአፍ ነው" አሉ ኦማ ሄድቪግ። "ዓይን ዓይኑን እያየህ። እጅህንም ትከሻው ላይ ታደርጋለህ።"

"ትከሻው ላይ ለምን? ሊወድቅ ነው?"

እኛ ያልተወሰነና ያልተጻፈ ነገር አንሠራም። ፍራንትስ ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ አሠልጣኙ ተጫዋቹን እንዲያደንቅ በሦስት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ መወሰኑን መዘገበ። ከዚያ የሚባለውን አረቀቁ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ወጣው። ዌስተን፣ ጎበዝ ተጫዋች ነህ። እዚህ በመሆንህ ደስ ብሎኛል። እንድትቀር እፈልጋለሁ። አባቴ መካከለኛዋ እንድትሰረዝ ጠየቀ፤ የኔ ደስታ የክለቡ ጉዳይ አይደለም አለ። ተቃውሞው ውድቅ ሆነ።

ልምምዱ ዓርብ ከምሳ በኋላ ኦማ ሄድቪግ ወጥ ቤት ውስጥ ተደረገ። ልጁ መንደሩን ሊሰናበት ወጥቶ ነበር፤ በየበሩ ያለውን ውሻ ሁሉ ድንቅ እያለ ይዞራል። ኦማ ሄድቪግ ለማሟሟቂያ የአተር ሾርባ አቀረቡለትና ስለ ሾርባው አንድ መልካም ነገር በል አሉት። አባቴ በላ፣ አፉን ጠረገ፣ ሳህኑን አየው። ግንባሩ አላበው።

"ጨው... አላነሰውም" አለ።

ክሌመንስ ጥሩ ጅምር ነው አለ። ከዚያ "ሰው ያስፈልጋል፤ ዌስተንን ሆኖ የሚቀመጥ" ብሎ ዞር ዞር ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ወንበር ሰጡኝ። አባቴን ከፊቴ አቆሙት፣ እጁን ወስደው ትከሻዬ ላይ አስቀመጡት። የጣሪያ ሠሪ እጅ ከባድ ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሚስት አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንድ መቶ ስምንት ኪሎ እመዝናለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን እንደ ሕፃን ሆንኩ። ልምምድ ነው፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፣ ስሙም የኔ አይደለም፤ ይሁንና ዛሬ ከአፉ ልሰማው ነው ብዬ ጓጓሁ። ቀና ብዬ አየሁት።

አባቴም አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ፍራንትስ ከኋላ "ጎበዝ ተጫዋች..." ብሎ አስጀመረው። አባቴ ረዥም ጊዜ ዓይኔን ሲያይ ቆየና "ፀጉርህ አድጓል" አለኝ። እጁን ከትከሻዬ አነሣ። "ለዚህ መናገር አልችልም። ሌላ ነገር አምጡ።"

"ለምን?" አለ ክሌመንስ።

"ልጄ ነዋ።"

ሌላ ነገር ተባለና ሌላ ነገር መጣ። ኦማ ሄድቪግ የሟች ባላቸውን ካፖርት የሚሰቅሉበትን እንጨት ከኮሪደሩ ጎትተው አመጡና የክለቡን አረንጓዴ ጃኬት አለበሱት። እኔ ተነሥቼ እንጨቱ በቦታዬ ቆመ። አባቴ በመጀመሪያው ሙከራ ተንተባተበ፣ በሁለተኛው እስከ ግማሽ ደረሰ፣ በሦስተኛው የጃኬቱን ትከሻ ጨብጦ ሦስቱንም አንድ ሳያጓድል ተናገረ። ድምፁ ራሱ ለሰለሰ። በአራተኛው እንጨቱን መታ መታ አደረገው። ኦማ ሄድቪግ በመጎናጸፊያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ክሌመንስ አጨበጨበ። እኔ ሾርባ የበላበትን ሳህን አጠብኩ። ምን ላድርግ፣ በመስቀያ አይቀናም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴን በሥራ መኪናዬ ወደ ባቡር ጣቢያው ወሰድኩት፤ እኔም ጣሪያ ሠሪ ነኝ፣ የሱን ሥራ ነው የወረስኩት። የእሁድ ልብሱን ለብሷል። መንገዱን ሙሉ በሹክሹክታ ይደግም ነበር። ዌስተን ሦስት ሻንጣ ይዞ ከመሳፈሪያው መድረክ ላይ ቆሟል፤ ኦማ ሄድቪግ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ያስታቅፉታል። ሰዓቱ እየቀረበ ነው። ልጁ ከሄደ አጥቂ የለንም፤ አጥቂ ከሌለን ብሮክሃውዘን ነው። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴ ወረደ። ወደ ልጁ ሄዶ ቆመ፣ ሳለ፣ መጀመሪያ ባቡሩ ስንት ፉርጎ እንዳለው ጠየቀው። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለቀብር ብቻ ነው።

"ዌስተን" አለ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ። "ጎበዝ ተጫዋች ነህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሜዳ ዳር ስቆም እንዳንተ ኳስ ሲቀበል ማየት የሚያስደስተኝ ልጅ አላየሁም። እዚህ በመሆንህ ደስ ብሎኛል። ጠዋት ስነሣ ዛሬ ደግሞ ምን ያሳየኝ ይሆን እያልኩ ነው የምነሣው። እንድትቀር እፈልጋለሁ።"

ከተጻፈው ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምሯል። ለመስቀያው እንኳ ያላለውን ነው ያለው። ኦማ ሄድቪግ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ትኬት ቆራጩ ሰውዬ፣ በልጅነቱ በአባቴ ሥር የተጫወተ፣ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ዌስተን ፈገግ አለ። ፊቱ በራ። አባቴን አቀፈው፣ ጀርባውንም ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

"ድንቅ ነዎት አሠልጣኝ" አለው። "በጣም አመሰግናለሁ። የሚገርም ጊዜ ነበር!"

ብሎ ወደ ባቡሩ ወጣ። ሻንጣውን ላቀበለው ሰውዬም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ፣ ድንቅ ሰው ነህ አለው። ያኔ ነው የገባኝ። ዊቺታ ውስጥ በመኪና መስኮት ዳቦ የሚሸጥለት ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ይለዋል። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አምጦ የወለደው ቃል ልጁ ዘንድ እንደምን አደርክ ነው። የባሕር ጠረፉ አሠልጣኝ ብርቅዬ ብሎታል፤ ጎበዝ ከብርቅዬ ያንሳል። ልጁ ክፋት የለበትም። ባቡሩ እስኪታጠፍ ድረስ በመስታወቱ እጁን ሲያውለበልብልን ነበር።

እዚያ የባሕር ጠረፍ ክለብ ውስጥ እስከ ግንቦት ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫውቷል። አሠልጣኙ ግን በየቀኑ ኮከቤ እንደሚለው ለኦማ ሄድቪግ ጽፎላቸዋል፤ ደስተኛ ነው። እኛም ወረድን።

ያን ጠዋት ግን ከአባቴ ጋር ወደ መኪናው ተመለስን። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከመንደሩ መግቢያ ያለው፣ ባቡር ሲመጣ መንገዱን የሚዘጋው መዝጊያ ወርዶ ስለነበር ቆምን። ከኋላችን አንድ ትራክተር መጥቶ ቆመ። አባቴ እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን የኮቱን ቁልፍ ሲያሽከረክር አይቼ ሆዴ ባባ። ሆዴ መባባቱ አናደደኝ። ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ።

"አባዬ" አልኩት፣ "እኔስ?"

"አንተስ ምን?"

"አሥራ አራት ዓመት ተጫውቼልሃለሁ። እኔ እንዴት ነበርኩ?"

መዝጊያውን አየ። ቀይና ነጭ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ሲያየው የኖረ ነው፣ ያን ቀን ግን አዲስ ነገር ያገኘበት ይመስል ነበር። ዕቃ የጫነ ባቡር ከፊታችን አለፈ፤ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"አንተ እኮ እሄዳለሁ ብለህ አታውቅም" አለኝ። "ብለህ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር።"

እውነቱን ነው፣ ብዬ አላውቅም፤ የትም ልሂድ ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ከመኪናው ወርጄ፣ ቁልፉን እዚያው ትቼ፣ አንድ ሻንጣ መግዛት አማረኝ፤ ባዶም ቢሆን ይዤው መድረኩ ላይ ልቆም። መዝጊያው ተነሣ። ባለ ትራክተሩ ጥሩንባውን ነፋብኝ። ማርሽ አስገባሁና ወደ ሜዳው ነዳሁ፤ እሁድ ጨዋታ ነበረን፣ መስመሩን በኖራ የምቀባው እኔ ነኝ።